በአንድ ድምፅ የሚናገሩ ሁለት ሕመሞች

በቋንቋችን ሆድና ልብ የምግብና የደም ማደሪያ ብቻ አይደሉም። የተቀየመ ሰው «ሆዴ ሻከረ» ይላል፤ ናፍቆት የያዘው «ሆዴ ባባ» ይላል፤ የደነገጠውን «ልቡ ፈሰሰ» እንለዋለን። እንደዚሁም ጨጓራው የሚያቃጥለው ሰው እጁን በደረቱ ላይ አኑሮ «ልቤን አቃጠለኝ» ይላል እንጂ ሌላ ስም አይፈልግለትም። የሥጋውን ሕመምና የሐሳቡን ሕመም በአንድ ስፍራ አኑረው፣ በአንድ ቃል ጠርተው ያስተማሩን አባቶቻችን ናቸው። እኔ ይህን ለብዙ ዘመን የማውቀው በአነጋገር ብቻ ነበር፤ በሥጋዬ የተማርሁት ግን ዕድሜዬ አርባን ካለፈ በኋላ ነው። ትምህርቱም ውድ ስለ ነበረ፣ በየቤቱ እንዲህ ያለ ነገር በዝምታ የሚሸከም ሰው ይኖር ይሆናል በማለት ለእናንተ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ነገሩ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ በመጻጉዕ ሳምንት ነው። በዚያን ዕለት ከትምህርት ቤት ዘግይቼ ወጣሁ፤ ለሠርክ ጸሎትም ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ወደ ቤቴ ስገባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ስላልቀመስሁ፣ ዘይትና በርበሬ የበዛበት ሽሮ በእንጀራ እስክጠግብ በላሁ፤ ቡናም ጠጣሁበት። ከዚያም በአልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳርም እንቅልፍ ወሰደኝ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ግድም አንዳች እሳት ከደረቴ መካከል ተነሥቶ ወደ ጉሮሮዬ ሲወጣ ነቃሁ። በአፌ ውስጥ መራራና ኮምጣጣ ውሃ ሞልቶ ነበር። ልቤ እንደ ከበሮ ይመታል፤ ትንፋሼ ያጥራል፤ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤ ጉሮሮዬም ላይ እንደ ጉርሻ ያለ ነገር ተሰንቅሮ አይወርድም አይወጣም። ላብ አጠመቀኝ። በዚያች ሰዓት በአእምሮዬ የነበረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም ሞት የሚለው ነው።

እንዲህ ያለውን ሐሳብ ያመጣብኝ ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አብሮኝ ያስተምር የነበረ ባልንጀራዬ፣ ጤናማ ይመስለን የነበረ ሰው፣ ከዕረፍት ሰዓት በኋላ ደረቱን እንደ ያዘ በወንበሩ ላይ ቀርቶ ነበር። ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ዕድሜው ከእኔ የሚበልጠው በሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከቀብሩ መልስ ጀምሮ በደረቴ ላይ የሚሰማኝን ሁሉ አዳምጥ ነበር፤ ሰው በሌሊት የበሩን ኮሽታ እንደሚያዳምጥ ማለት ነው። ስለዚህ ያ እሳት በተነሣ ጊዜ ስሙን ለመጠየቅ አልዘገየሁም፤ አስቀድሜ አውጥቼለት ነበርና።

ባለቤቴ ከጎኔ ተኝታ ነበር። አልቀሰቀስኋትም። ተነሥቼ በጨለማ ተቀመጥሁ፤ ሲነጋጋም ሕመሙ ጋብ አለልኝ። ከዚያ በኋላ ግን በየሁለት በየሦስት ሌሊቱ ይመላለስብኝ ጀመር። ቀን ቀን ደግሞ ተማሪዎቼ ጽሑፍ ሲገለብጡ እኔ በጠመኔ በነጣ እጄ የልቤን ትርታ እቆጥር ነበር። ደረጃ መውጣት ፈራሁ። እሑድ በቅዳሴ ሰዓት ከፊት መቆሜን ትቼ ከበሩ አጠገብ መቆም ጀመርሁ፤ ብወድቅ ሕዝቡን እንዳላውክ ብዬ ነው። በመጨረሻም ያለብኝን ዕዳና ከሰው ዘንድ ያለኝን ገንዘብ በአንዲት ወረቀት ጽፌ በዳዊቴ ውስጥ አኖርሁ።

ለምን ደበቅሁ? ከእውነት ጋር ልናገር። አንደኛው ምክንያት የፈራሁትን ሐኪም እንዳያጸናብኝ ነው። ሁለተኛው ግን ኀፍረት ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ያደግሁ፣ ዲቁና የተቀበልሁ፣ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት ስለ ሰው አካል ሳይቀር ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ለልጆች «ስለ ነገ አትጨነቁ» እያልሁ እያስተማርሁ፣ ራሴ ግን በሌሊት የምንቀጠቀጥ መሆኔን ማን ይስማብኝ? ፍርሃቴን የእምነት ጕድለት አድርጌ ቈጠርሁት፤ ስለዚህም ከንስሐ አባቴ እንኳ ሸሸግሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ መከርሁበት!

ወረቀቲቱን ያገኘቻት ባለቤቴ ናት። ዳዊቱን ለጸሎት አንሥታ ስትገልጥ ከእግሯ ሥር ወደቀች። አንብባ ስትጨርስ አልጮኸችም፤ አጠገቤ ተቀምጣ «አንተ ለሞትህ ስትሰናዳ እኔ አጠገብህ ተኝቼ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። ለዚህ ቃል መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ማልዳ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሐኪም ቤት ይዛኝ ሄደች።

የተቀበለችን ሐኪም በዕድሜ ከቀድሞ ተማሪዎቼ የምትተካከል ወጣት ናት። አስቀድማ ብዙ ጠየቀችኝ። «መምህር፣ ሕመሙ የሚመጣው ሲሠሩና ዳገት ሲወጡ ነው ወይስ በልተው ሲተኙ? ወደ ግራ ክንድዎ ወይም ወደ መንጋጋዎ ይሄዳል? በአፍዎ የሚኮመጥጥ ነገር ይመጣል? ቀና ብለው ሲቀመጡስ ይቀልልዎታል?» ከዚያም የልቤን ምት በኢ.ሲ.ጂ. መሣሪያ አነሣች፤ ደሜንም አስመረመረች። ይህን ሁሉ ያደረገችበትን ምክንያት ስትነግረኝ፣ የደረት ሕመም በመጣ ጊዜ ልብ ደኅና መሆኑ ሳይረጋገጥ «ጨጓራ ነው» ብሎ መልስ መስጠት እንደማይገባ አስረዳችኝ። ልቤ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ከጥቂት ቀናት በኋላም ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ በአፍ የሚገባበት፣ ኢንዶስኮፒ የሚባለው ምርመራ ተደረገልኝ፤ የምግብ መውረጃ ቧንቧዬ የታችኛው ክፍል በአሲድ ተለብልቦ መቅላቱ ታየ። ሕመሜ እናቶቻችን «ቃር» የሚሉት ኖሯል።

የቃር አሠራሩ እንዲህ ነው። ጨጓራ ምግብን የሚፈጭበት ብርቱ አሲድ ያመነጫል፤ የገዛ ግድግዳው በልዩ ሽፋን ስለሚጠበቅ አይጎዳም። ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚወርደው ቧንቧ ግን ይህ ሽፋን የለውም። ሁለቱ በሚገናኙበት ስፍራ ምግብ ሲወርድ የሚከፈት፣ ከወረደ በኋላም የሚዘጋ የጡንቻ በር አለ። ይህ በር ሲላላ ወይም ያለ ጊዜው ሲከፈት አሲዱ ወደ ላይ ይመለሳል። በጤነኛ ሰውም ቢሆን በቀን ውስጥ ጥቂት ጊዜ ይመለሳል፤ ነገር ግን ምራቅና የቧንቧው እንቅስቃሴ ወዲያው ያጥቡታል። ሰው ጠግቦ በልቶ ሲጋደም ግን ጨጓራው የተወጠረ ነው፤ ቁልቁል የሚስበው ክብደትም አይረዳውም፤ በእንቅልፍም ጊዜ መዋጥ ይቀንሳልና አሲዱ ቧንቧው ውስጥ ይቆያል። ከዚህም የተነሣ ደረት ይቃጠላል፤ ጉሮሮ ይከረክራል፤ በአንዳንድ ሰው ላይም ደረቅ ሳልና የድምፅ መሻከር ይመጣል።

ይህ ከልብ ሕመም ጋር ለምን ይመሳሰላል? የምግብ ቧንቧው የሚያልፈው በልብ ኋላ ተጠግቶ ነው። ከሁለቱም የሕመም ስሜትን ወደ ሰረሰርና ወደ አንጎል የሚያደርሱት ነርቮች ጐረቤታሞች ናቸው፤ አንጎልም መልእክቱ ከማን እንደ መጣ አንዳንድ ጊዜ ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል። እንግዲህ «ልቤን አቃጠለኝ» የሚለው አባባላችን የተሳሳተ አይደለም፤ የሰውነታችንን ጠባይ እንዳለ የሚመሰክር ነው እንጂ።

ሐኪሟ ኦሜፕራዞል የሚባለውን፣ የአሲዱን መመንጨት የሚቀንሰውን ኪኒን አዘዘችልኝ፤ ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እንድወስደውም ነገረችኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቃሩ በእጅጉ ቀለለልኝ። ዳሩ ግን ደስታዬ ሙሉ አልሆነም። የልቤ መምታት፣ የጣቶቼ መደንዘዝ፣ የጉሮሮዬ ላይ ጉርሻ አለቀቁኝም። «እንግዲያስ ስታለች፤ የልቤን በሽታ አላየችውም» ብዬ ለባለቤቴ ሳልነግር ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። እርሱም ልቤ ደኅና መሆኑን ነገረኝ። አላመንሁም፤ ከመድኃኒት ቤትም ኪኒኑን ጨምሬ በመግዛት ከታዘዘልኝ በላይ መዋጥ ጀመርሁ። ለውጥ አላገኘሁም።

በዚህ መካከል አንድ ምሽት የዐሥር ዓመት ልጄ እራቷን አልበላም አለች። እናቷ ስትጠይቃት እጇን በጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ወደ እኔ እየተመለከተች «አባዬ፣ እኔም እንደ አንተ ሆንሁ፤ አይወርድልኝም» አለች። ማርያምን፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ከራሴ ሕመም ሁሉ የበለጠ ነበር። ልጅቷ ለካ በየሌሊቱ መነሣቴን፣ ደረቴን መዳበሴን፣ ከእናቷ ጋር በሹክሹክታ መነጋገሬን ሁሉ ስታዳምጥ ኖራለች። ሐኪሟ መርምራት ምንም ሕመም አላገኘችባትም። ከዚያም ልጅቷ ከእናቷ ጋር ወደ ውጭ ስትወጣ ወደ እኔ ዞር ብላ «መምህር፣ አሁን እርስዎን ልጠይቅ፤ የሚያስጨንቅዎት ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። «አእምሮዬ ታሟል ማለትሽ ነውን?» አልኋት። እርሷ ግን በትዕግሥት እንዲህ አለችኝ፤ «ሕመምዎ ፈጠራ ነው አላልሁም። ቃሩ እውነት ነው፤ በዐይናችን አይተነዋል። ጭንቀቱም እውነት ነው። ሁለቱ በአንድ ቤት ስለሚኖሩ አንዱን ብቻ አስታመን ሌላውን ብንተወው ቤቱ አይረጋም።» ከዚህ በኋላ ስለ ባልንጀራዬ ሞት፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስለሚጠብቀው ታላቅ ልጄ ተራ በተራ ነገርኋት። ተናግሬ ስጨርስ ጉሮሮዬ ላይ የነበረው ጉርሻ ለጊዜው እንደ ሄደ አስተዋልሁ።

የጭንቀት አሠራርም ሥርዓት አለው። ሰው አደጋ እንደ መጣበት ሲያስብ፣ ከኵላሊቶቹ በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለውን ቅመም ወደ ደም ይለቃሉ። ይህም ሰውነት እንዲታገል ወይም እንዲሸሽ የተሰጠው ማዘጋጃ ነው፤ ልብ ይፈጥናል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ ትንፋሽ ይበዛል፤ ላብ ይወርዳል። በቁና ቁና መተንፈስ ሲቆይ በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ያንሳል፤ ከዚህም የተነሣ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፤ ራስ ይዞራል። የደረት ጡንቻዎች ሲወጠሩ ደረት ይጨነቃል፤ የጉሮሮ ጡንቻዎች ሲጠብቁ አንዳች ነገር የተሰነቀረ ይመስላል። ጅብ የሚያባርረው ሰው ቢሆን ይህን ሁሉ ሳያስተውል ይሮጥ ነበር፤ በአልጋው ላይ ለተኛ ሰው ግን ማዘጋጃው ራሱ በሽታ ሆኖ ይታየዋል። ይህ ደግሞ የዛሬ ዘመን ግኝት ብቻ አይደለም። ጃኮብ ዳ ኮስታ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት የተሳተፉ ወታደሮችን መርምሮ፣ ደረታቸውን እያመማቸውና ልባቸው እየመታ ሳለ በልባቸው ላይ በሽታ ያልተገኘባቸው ብዙዎች መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1871 ጽፏል። ወታደሮች ነበሩ እንጂ ፈሪዎች አልነበሩም።

እንግዲህ ሁለቱ የሚገናኙበትን እንይ። ቃር የደረት ሕመም ያመጣል፤ ጭንቀትም ያመጣል። ቃር ጉሮሮን ያንቃል፤ ጭንቀትም ያንቃል። ቃር ከእንቅልፍ ያስነሣል፤ ጭንቀትም እንደዚሁ። ምልክታቸው መመሳሰሉ ብቻ ሳይሆን አንዱ ሌላውን ይጠራዋል። የተጨነቀ ሰው አየር ይውጣል፤ የዋጠውም አየር ግሳት ሆኖ ሲወጣ የጨጓራውን በር ይከፍተዋል። ዘግይቶና በጥድፊያ ይበላል፤ እንቅልፉ ይጎድላል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ጭንቀት የስሜትን ጆሮ ያቆማል፤ የተመለሰው አሲድ ሳይበዛ፣ ያው ጥቂቱ በተጨነቀ ሰው ላይ አብዝቶ ሊያቃጥል እንደሚችል ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ቃሩም በተራው ደረትን ሲያቃጥል ሰውዬው «ልቤ ነው» ብሎ ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ልቡን ያስመታዋል፤ ልቡ ሲመታ «ይኸው!» ይላል። እንደ በሬ አውድማ ዙሪያ መዞር ነው፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም አይታይም።

ሐሳብ በጨጓራ ላይ ሥልጣን ያለው መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በዐይናቸው ካዩት አንዱ ዊልያም ቦሞንት የሚባል የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የሚባል ወጣት ካናዳዊ በጥይት ድንገት ቈስሎ ዳነ፤ ቀዳዳው ግን ሳይደፈን ስለ ቀረ ጨጓራው ከውጭ ይታይ ነበር። ሐኪሙ ለዓመታት ሲመለከተው ቈይቶ እ.ኤ.አ. በ1833 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰውዬው ሲቆጣ ወይም ሲፈራ የጨጓራው መልክና ሥራ እንደሚለወጥ ገለጠ። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥተን የሆድ ሕመም ሁሉ የሐሳብ ብዛት ነው ማለትም ስሕተት ነው። ለብዙ ዘመን የጨጓራ ቍስለት በጭንቀትና በቅመም ይመጣል ሲባል ኖሮ፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የሚባሉ የአውስትራልያ ሐኪሞች የብዙው ቍስለት ምክንያት ባክቴርያ መሆኑን አስመስክረው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በአገራችን «ጨጓራ አለብኝ» የምንለው አንድ ቃል ቃርንም ቍስለትንም የባክቴርያውንም ሕመም ያጠቃልላል፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። ስለዚህ ሳይመረመሩ የጎረቤትን ኪኒን መዋስ አይገባም።

ወደ ራሴ ልመለስ። ከሐኪም ቤት እንደ ወጣሁ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ፤ የደበቅሁትንም ሁሉ ነገርኋቸው። የተግሣጽ ቃል ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ምን ብሎ እንደ ጻፈለት ታውቃለህ» አሉኝ። ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መምከሩን ነገርኋቸው። «በጥላው ድውይ ይፈውስ የነበረው የቅዱስ ጴጥሮስ ባልንጀራ፣ ሕመምተኛውን ልጁን እምነትህ ጐደለ ብሎ ገሠጸውን?» ሲሉ ጠየቁኝ። አልገሠጸውም። እንደ ታመመ ሰው መከረው እንጂ። እርግጥ ወይን ለቃር እንደማይስማማ ሐኪሟ ነግራኛለች፤ ቁም ነገሩ ግን ወይኑ አይደለም። ሐዋርያው ከቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ጋር የተጓዘ ሰው ነውና የሥጋን ሕመም በሥጋ ጥበብ መርዳት ከእምነት እንደማያጐድል ያውቅ ነበር። በዚያን ቀን ከልቤ ላይ የወረደው ሸክም ከኪኒኑ ይልቅ አሳረፈኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ ጾሙም ጠየቅኋቸው፤ ፈርቼ ነበርና። ጾም ሥጋን የሚገዛ እንጂ የሚገድል አለመሆኑን፣ ለታመመ ሰውም ቤተ ክርስቲያን እንደ ሕመሙ መጠን እንደምታዝንለት፣ ይህን ግን እያንዳንዱ በገዛ ፈቃዱ ሳይሆን ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ እንዲያደርገው ነገሩኝ። ለእኔም የመጾሚያውን ሰዓት ወሰኑልኝ። በኋላ እንዳስተዋልሁትም ጥፋቱ ከመጾሜ ይልቅ ከአፈታቴ ነበር። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለውን ጨጓራ በምሽት በዘይትና በበርበሬ አጥለቅልቆ ወዲያው መተኛት፣ በትንሣኤም ሌሊት ከቅዳሴ ወጥቶ በዶሮ ወጥ ጠግቦ ወደ አልጋ መሄድ፣ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። እናቶቻችን ከፍስኩ በፊት ተልባ በጥብጠው ያጠጡን የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ለጨጓራ እንደሚራሩለት ያሳያል።

አሁን የረዳኝን በአጭሩ ልዘርዝር። እራቴን ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት በልክ እበላለሁ፤ የቀረኝን ጥጋብ ለነገ አቆየዋለሁ። በምሽት ቡና ትቻለሁ፤ በርበሬውንም ባለቤቴ ቀንሳልኛለች። የአልጋዬን ራስጌ እግሮች በጣውላ ላይ አቁሜ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አደረግሁት፤ ትራስ ብቻ መደራረብ ግን ሆድን ያጥፋል እንጂ አይጠቅምም። ስተኛ በግራ ጎኔ እተኛለሁ። ስግደቴን ከምግብ በፊት አደርጋለሁ፤ በጠገበ ሆድ ማጎንበስ ቃርን ይቀሰቅሳልና። ኪኒኑን በታዘዘልኝ ልክ ወስጄ በሐኪሟ ምክር ቀስ በቀስ አቆምሁት። ለወገቤ ሕመም እንደ ልቤ እየገዛሁ እውጠው የነበረውን ዲክሎፌናክም ተውሁት፤ እንዲህ ያለው ማስታገሻ ጨጓራን ይጎዳል።

ስለ ጭንቀቱ ደግሞ የተማርሁት ቀላል ነገር ነው። ሕመሙ ሲጀምረኝ ቀና ብዬ እቀመጣለሁ፤ አንድ እጄን በሆዴ ላይ አኑሬ በአፍንጫዬ ዝግ ብዬ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ይበልጥ ዝግ ብዬ ወደ ውጭ እተነፍሳለሁ። በደረት ሳይሆን በሆድ መተንፈስ ልብን ያረጋጋል፤ ደግሞም ድያፍራም የሚባለው፣ ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ የጨጓራውን በር ከሚያጠብቁት አንዱ ስለሆነ ለቃሩም ይጠቅማል። አንዱ ትንፋሽ ሁለቱን ጎረቤቶች ያስታርቃል ማለት ነው። አባቶች ዝግ ብለው፣ በልክ እየተነፈሱ የሚያዜሙትን ዜማ እኔም እንደ ገና ማዜም ስጀምር ይህንኑ እረፍት አገኘሁበት። ይህ ሁሉ ሳይበቃቸው ቀርቶ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱ፣ በምክርና በመድኃኒት የሚድኑ አሉ፤ እርሱም ጠበል እንደ መጠመቅ ሁሉ የሚያሳፍር አይደለም፤ አንዱም ሌላውን አይከለክልም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ላስጠንቅቅ። የእኔን ታሪክ አንብቦ «እንግዲያስ የእኔም ጭንቀትና ቃር ነው» ብሎ ማንም ከቤቱ አይቅር። ደረትን የሚጫን ወይም የሚያጨብጥ ሕመም ሲመጣ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ ሲሄድ፣ በሥራና በዳገት ሲብስ፣ ከቀዝቃዛ ላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ሲሆን ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ነው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች፣ ትምባሆ የሚያጨሱ፣ በዕድሜ የገፉም ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ በሴቶች ላይ የልብ ሕመም አንዳንድ ጊዜ የሆድ ሕመም መስሎ ይመጣል። እንደዚሁም ምግብ ሲውጡ የሚሰነቀርባቸው፣ ያለ ምክንያት የሚከሱ፣ ደም የሚያስመልሳቸው ወይም ዐይነ ምድራቸው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰዎች ቃር ነው ብለው አይዘግዩ። ባልንጀራዬ እንዲህ ያለ ምክር በጊዜው ሰምቶ ቢሆን ኖሮ እያልሁ አሁንም አስባለሁ።

ዛሬ በቤታችን የምትገኘው ያቺ ወረቀት አልተቀደደችም። ባለቤቴ በጀርባዋ የቤታችንን ወጪ ጻፈችበት፤ አሁን ዕዳችንን የምናየው ሁለታችን ሆነን ነው። ልጄም እራቷን ትበላለች። ቃሩ አልፎ አልፎ ይጎበኘኛል፤ ጭንቀቱም እንደዚሁ። ነገር ግን ሲመጡ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ልጄም ስትሰማኝ እንዳትፈራ «አባዬ ቃር ይዞት ነው፤ ያልፋል» ብዬ እነግራታለሁ።

በዚያ በመጻጉዕ ሳምንት በቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን ወንጌል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ የኖረውን ሰው ጌታችን አስቀድሞ የጠየቀው ለመዳን ይወድ እንደ ሆነ ነው። ሰውዬውም ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ። እኔ ግን ሰው ነበረኝ፤ ከጎኔ ተኝታ ነበር። ያልነበረኝ አንደበት ነው። ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ በሌሊት ደረትህን ይዘህ በጨለማ የምትቀመጥ፣ ጉሮሮሽን ይዘሽ በዝምታ የምትጨነቂ፣ ከአጠገባችሁ ያለውን ሰው ቀስቅሱ። ሲነጋም ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ከዚያም ወደ ንስሐ አባታችሁ። ሥጋንና ነፍስን አዋሕዶ የፈጠረ አምላክ ሁለቱንም ይፈውስልን፤ አሜን።